ልጆቹ ሲሳፈሩ ብቻ የሚታመም መኪና

ጥርስ የሚያበቅል ሕፃን ጆሮውን ይጎትታል። ልጅ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል፤ እጁ የሚሄድበት ቦታና ሕመሙ ያለበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። የመኪና መሪም እንደዚያው ነው። ብልሽቱ ጎማ ላይም ይሁን፣ ፍሬን ላይም ይሁን፣ ከኋላ ወንበር ሥር ያለ አንድ ቁራጭ ላስቲክም ይሁን፣ ሾፌሩን የሚሰማው መሪው ላይ ነው፤ እጁ ያለው እዚያ ነዋ። ስለዚህ “መሪው ይጎትታል”፣ “መሪው ይንቀጠቀጣል” እንላለን። መካኒኩም ቃላችንን ይዞ መሪውን መፈተሽ ይጀምራል። እኛን ሦስት ወር ሙሉ ያከራከረን፣ መኪናችንንም ሊያሸጠን የነበረው ነገር መነሻው ይኸው ነው።

መኪናችን የ2003 ሞዴል ቢኤምደብሊው 330 ነው። ባለ ሦስት ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ 231 የፈረስ ጉልበት፤ ኃይሉ የሚሄደው ለኋላ ጎማዎች ነው። ባለቤቴ ከአገር ከሚወጣ ሰው ላይ ገዝቶት ሲመጣ ልጆቹ ዙሪያውን እየዞሩ ሲስቁ ትዝ ይለኛል። ዕድሜው የገፋ ቢሆንም እንደዚህ ያለ መኪና በቀላሉ አይሸጥም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ብዙዎቻችን በእጃችን ያለውን ማስታመም ግድ ሆኖብናል።

ፈጣን መኪና ግን ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። የእኛ የፊት ጎማ ቁጥሩ 225/45 ነው፤ ይህ ማለት የጎማው ወርድ 225 ሚሊ ሜትር፣ ከቸርኬው እስከ መሬት ያለው የጎማው ጎን ደግሞ የዚያ 45 በመቶ፣ ማለትም 101 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በብዙ የቤት መኪኖች ላይ የምናየው 195/65 ጎማ ጎኑ 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያቺ የጎደለችው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል የምታህል ላስቲክ ናት የጉድጓድን ምት የምታበርደው። እሷ ከሌለች ምቱ በቀጥታ ወደ ቸርኬው፣ ከዚያም መገጣጠሚያዎቹን ወደያዙት ላስቲኮች ይተላለፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ክረምት ሲወጣ መንገዱ ምን እንደሚመስል ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ችግሩ የጀመረው እንዲያ ባለ መስከረም ነው። እናቴ የምትኖረው አዳማ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሦስቱን ልጆች ይዤ በፈጣን መንገዱ እወርዳለሁ። ሦስት ነገሮች ይሰሙኝ ጀመር። አንደኛ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሪው ወደ ግራ ዘንበል ይላል። ሁለተኛ፣ በ100 እየሄድኩ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ደግሞ ለማስረዳት የከበደኝ ነው፤ መስመር ቀይሬ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ የመኪናው የኋላ ክፍል ለአፍታ በራሱ ፈቃድ ወደ ጎን ይሄድና ይመለሳል።

ባለቤቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻውን፣ በከተማ ውስጥ፣ በ40 ነው የሚነዳው። “ምንም የለበትም” አለ። ቆይቶም “አንቺ መሪውን አንቀሽ ስለምትይዢው ነው” አለኝ። እኔም መለስኩለት፤ “ይህ ነገር ሳይታወቅ ልጆቹን ይዤ በዚህ መኪና አልወርድም። በሚኒባስ እንሄዳለን።” አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድን። ማታ ስንመለስ “እንግዲያው ይሸጥ” አለ፤ ተቆጥቶ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናው ማውራት ራሱ ጠብ ሆነ። እሱ የሚወደውን ነገር ስም የማጠፋበት መሰለው። እኔ ደግሞ የልጆቼን ነገር እያነሳሁ የማይሰማኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

እውነት ለመናገር ባለቤቴ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ሦስት ጋራዥ ወስዶታል። የመጀመሪያው አራቱንም ጎማ ባላንስ ሠራ። ሁለተኛው አላይመንት ሠራ፤ መሪውም ቀጥ አለ፤ በአሥረኛው ቀን ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሦስተኛው ሳይነዳው “መሪው ከነሙሉ ዕቃው መቀየር አለበት” ብሎ የሁላችንንም የዓመት ልብስ የሚገዛ ገንዘብ ጠየቀ።

የአላይመንቱ ነገር ብዙ ሰው ላይ ስለሚደርስ ቆም ብዬ ላስረዳው። የአላይመንት ማሽን የሚለካው ጎማዎቹ የቆሙበትን ማዕዘን ነው። የላላ መገጣጠሚያን አያጠብቅም፣ የተቀደደ ላስቲክን አይሰፋም። እግሩ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ ብታስተካክሉት ለዚያች ደቂቃ ልክ ነው፤ ሰው ክርኑን ሲያሳርፍበት ተመልሶ ያዘነብላል። ስለዚህ አላይመንት የሥራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ መሆን የለበትም።

በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወዳስተዋወቀችኝ አንድ አንጋፋ መካኒክ ሄድን። ጋሼ እላቸዋለሁ። መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ባለቤቴን ወደ አንድ ጥግ ወስደው ጠየቁት፤ ቀጥለው እኔን ብቻዬን ጠየቁኝ። ጥያቄዎቻቸው የሐኪም ጥያቄ ይመስሉ ነበር። መቼ ጀመረ? በስንት ፍጥነት? ፍሬን ሲያዝ ነው ወይስ ሳይያዝም? ነዳጅ ሲሰጥ ነው ወይስ ሲለቀቅ? ንዝረቱ እጅ ላይ ነው ወይስ ወንበር ላይ? መጨረሻ ላይ የጠየቁኝን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። “የኔ ልጅ፣ ያን ጊዜ መኪናው ውስጥ ስንት ሰው ነበር?”

አራት ሰው፣ ዕቃ መጫኛው ደግሞ ለእናቴ በያዝኩት ነገር የተሞላ። ባለቤቴ ሲነዳ አንድ ሰው።

ጋሼ ሁለት ረዳቶቻቸውን ጠርተው ከእነርሱ ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ከፊት፣ ባለቤቴ መሪው ላይ። መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ቀለበት መንገድ ላይ ወጣን። “80 ግባ። አሁን መስመር ቀይርና እግርህን ከነዳጁ አንሳ” አሉት። መኪናው ጅራቱን ቆላ። ባለቤቴ ምንም አልተናገረም። ትንሽ ነድቶ እንደገና ሞከረው፤ እንደገና ቆላ። ከዚያ በመስታወቱ ጋሼን አይቶ “ይህ ነው እንዴ?” አላቸው። “እሷ የነገረችህ ይህንን ነው” አሉት።

ሁለታችንም ያልነው እውነት ነበር። ብቻውን፣ በ40 የሚነዳ ሰው ይህን ሊሰማ አይችልም። ኋላ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ መኪናው ከኋላ ዝቅ ይላል፣ የጎማዎቹ ማዕዘን ይለወጣል፣ የያዛቸው ላስቲክ ላይ ያለው ጫናም ይጨምራል። ላስቲኩ ጤነኛ ከሆነ ይችለዋል፤ ከተቀደደ ግን ጎማው በራሱ ይዞራል። ብልሽት የሚፈተሸው በሚታይበት ሁኔታ ነው፤ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ጭነት።

ወደ ጋራዡ ስንመለስ ጋሼ የጀመሩት ከጎማ ነው። አየሩን ጎማው ሳይሞቅ ለኩት፤ ትክክለኛው ልክ ሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ለብቻና ለሙሉ ጭነት የተለያየ ነው። ቀጥለው ጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አነበቡ። 2319 ቢል በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ገና ደህና የሚመስል ጎማ ዕድሜው ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ በመዳፋቸው ዳሰሱት። የጎማ አበላል ብዙ ይናገራል፤ ሁለቱ ጠርዞች ብቻ ካለቁ አየር አንሶታል፣ መሐሉ ብቻ ካለቀ በዝቶበታል፣ የውስጥ ጠርዙ ብቻ ካለቀ ማዕዘኑ ተዛብቷል። በአንድ አቅጣጫ ሲዳብሱት ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ሻካራ ከሆነ ጎማው እየተንከባለለ ብቻ ሳይሆን እየተጎተተም ነው። የእኛ የኋላ ጎማዎች የውስጥ ጠርዛቸው አልቆ ነበር። ጎንበስ ብሎ ያላየ ሰው አያየውም።

ጎማው ራሱ ይጎትት እንደሆነ የሚለይበት ቀላል ዘዴም አላቸው። የፊት ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ ያቀያይራሉ። ጉተታው አቅጣጫውን ከለወጠ ጥፋተኛው ጎማው ነው፤ ካልለወጠ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ጎማው ላይ የመሽከርከሪያ አቅጣጫ ቀስት ካለ ግን እንዲሁ አይቀያየርም። መንገዱ ራሱም መጠርጠር አለበት፤ ዝናብ እንዲወርድ ተብሎ ወደ ዳር ስለሚያዘነብል፣ እኛም በቀኝ ስለምንነዳ፣ ጤነኛ መኪናም ቢሆን መሪውን ሲለቁት ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ከጎማ በኋላ መኪናው ከፍ አለ። ጋሼ ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘው ነቀነቁት፤ እንዲህ ሲደረግ የሚያንኳኳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቴስቲናው አልቋል ማለት ነው። ላይና ታቹን ይዘው ነቀነቁት፤ እንዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ብራቾውን የሚያገናኘው መገጣጠሚያ ይጠረጠራል። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ከዚያ ረጅም ብረት አስገብተው ብራቾው ከኋላ በኩል የተያዘበትን ጎሚኒ ሲያንቀሳቅሱ ባለቤቴን ጠርተው አሳዩት። ላስቲኩ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ይህን ግፊት የሚቀበለው ያ ላስቲክ ነው። ሲላላ ጎማው ወዲያና ወዲህ ይላል፤ እጃችን ላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥም ይኸው ነው። የኋላ ጎማዎችን ወደ ፊት ይዞ የሚያቆመው ረጅም ክንድ ጎሚኒ ደግሞ በቀኝ በኩል ሙሉ በሙሉ ተቀዷል። ጅራት የሚያስቆላው እሱ ነው። በዚህ ትውልድ መኪና ላይ እነዚህ ሁለቱ ቶሎ ከሚያልቁት ዕቃዎች መካከል መሆናቸውን ጋሼ ነገሩን።

መሪው ዘንበል የሚለውስ? ለዚህም ከኋላ ያለው በቂ ምክንያት ነበር። የኋላ ጎማዎች ወደ አንድ ጎን ሲያመለክቱ መኪናው ወደዚያ ይገፋል፤ ሾፌሩ ሳያውቀው መሪውን በዚያው ልክ ዘንበል አድርጎ ያቀናዋል። ጭነቷ ያዘነበለባት አህያ ጎኗን እያስቀደመች እንደምትሄደው ነው። መሪውን ብቻ ፈትቶ ቀጥ አድርጎ መግጠም ምልክቱን ይሰውራል እንጂ አህያዋን አያቀናትም።

ጎሚኒዎቹን ከሶማሌ ተራ ገዛን፤ ያለቀው በአንድ በኩል ቢሆንም ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ተቀየረ። አንድ ነገር በዓይኔ አይቼ ተማርኩ። ጋሼ ቡሎኖቹን መጨረሻ ላይ ያጠበቋቸው መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱን ካሳረፈ በኋላ ነው። በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ከተጠበቀ፣ መሬት ሲነካ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ተጠምዝዞ የሚኖር ላስቲክም ዕድሜ የለውም።

አላይመንቱ የተሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አራቱንም ጎማ በሚለካ ማሽን። ሦስት ቃላት መስማታችሁ አይቀርም። ቶ የሚባለው ከላይ ወደ ታች ሲታይ ጎማዎቹ እንደ ሰው እግር ጣት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞራቸው ነው። ካምበር ከፊት ለፊት ሲታይ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መጋደሉ ነው። ካስተር ደግሞ ከጎን ሲታይ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው፤ የብስክሌት ፊት ሹካ ዘንበል ብሎ እንደተሠራው። ከኩርባ ስንወጣ መሪው በራሱ የሚመለሰው በአብዛኛው በእሱ ነው። ጎማ በፍጥነት የሚጨርሰው ቶ ነው። ከሚሄድበት አቅጣጫ ግማሽ ዲግሪ የዞረ ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 9 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። ከአዲስ አበባ አዳማ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ ያ ጎማ እናቴ ቤት እስኪደርስ 740 ሜትር ያህል አስፋልት ላይ ተፍቋል ማለት ነው።

ኩባንያው ባወጣው መመሪያ መሠረት ይህ መኪና ሲለካ ባዶውን አይደለም። የነዳጅ ጋኑ ይሞላል፤ የፊት ወንበሮቹ ላይ 68፣ 68 ኪሎ ይጫናል፤ የኋላ ወንበሩና ዕቃ መጫኛው ላይም ክብደት ይቀመጣል። ጋሼ ይህን ሲነግሩን ባለቤቴ ወደ ቤት ሄዶ ውኃ ሲጠፋ የምንጠቀምባቸውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ሞልቶ በጎረቤት ፒክአፕ ይዟቸው መጣ። ለእያንዳንዱ ወንበር ሦስት ጀሪካን ውኃ፣ ከላዩ ትንሽ ዱቄት። የማሽኑ ሠራተኛ ሳቀብን፤ ከዚያ መለካት ጀመረ። እኔ ግን መመሪያውን ወድጄዋለሁ። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ቀጥ ማለቱን የሚለኩት ሰው ጭኖ ነው።

ማሽኑ ያተመውን ወረቀት ጠይቃችሁ ውሰዱ። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር የአራቱንም ጎማ ያሳያል። የፊቱን ብቻ የያዘ ወረቀት ከሰጧችሁ የኋላው አልታየም ማለት ነው። መሪው በማሽኑ ላይ ቀጥ ተደርጎ ታስሮ እንደነበር ጠይቁ። መኪናው ፈጣን ከሆነና እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስ ካለው፣ የመሪውን ማዕዘን የሚያነበው ሴንሰርም ከአላይመንት በኋላ በኮምፒውተር መስተካከሉን አረጋግጡ።

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊትም በቤታችሁ ልትለዩት የምትችሉት ብዙ ነገር አለ። ከ90 በላይ ሲሆን መሪው ላይ ብቻ የሚነዝር ከሆነ በመጀመሪያ የፊት ጎማ ባላንስ ይታይ፤ ንዝረቱ ወንበር ላይ ከሆነ የኋላው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬን ዲስክ ወይም ጎሚኒ። ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ አንደኛው ፍሬን ተጣብቆ ወይም ሳይሠራ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከጉዞ በኋላ አንደኛው ቸርኬ ከሌላው ለይቶ የሚግል ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከፍጥነት ጋር የሚጨምር፣ ስትታጠፉ የሚለወጥ ጉምጉምታ ከሰማችሁ ኩሽኔታ ነው። መሪው በድንገት ብዙ ከላላ ወይም ከጠነከረ ደግሞ መኪናው ወዲያው ይቁም፤ እሱ ለሳምንት የሚቆይ ነገር አይደለም።

መኪናው አልተሸጠም። ጎሚኒዎቹ፣ ሁለት የኋላ ጎማዎችና አላይመንቱ ተደምረው ሦስተኛው ጋራዥ ለመሪው ከጠየቀን ገንዘብ ሩብ አልሞሉም። ሊብሬው ከሚቀመጥበት ቦታ አንድ ትንሽ ደብተር አስቀምጠናል፤ የሚነዳው ሰው የተሰማውን ነገር፣ ፍጥነቱን፣ ውስጥ የነበረውን ሰው ብዛት ይጽፋል። የመጀመሪያውን ገጽ የጻፈው ባለቤቴ ነው። የአላይመንቱ ማግስት አምስታችንም ሆነን አዳማ ስንወርድ ደብተሩን አውጥቶ አምስት ሰው፣ 100፣ ፍሬን ደህና ብሎ ከጻፈ በኋላ እስክሪብቶውን ይዞ “ከኋላስ ምን ይሰማሻል?” አለኝ። ምንም አይሰማኝም ነበር። እሱንም ጻፈው።